በማን ምትክ ነህ?

ስሜ ምትኩ ነው። ትርጉሙን አጥብቆ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው አማርኛ የማይሰማ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበር። አማርኛ የሚሰማ ሰው ስሜን ሰምቶ ያልፋል። እኔም ሰምቼ እያለፍኩ ነው ያደግኩት።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከእናቴ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ እንኖራለን፤ መኝታ ቤቱ የእሷ፣ ሳሎኑ የእኔ። አባቴ የዲቪው ዕድል ሳይደርሰን ነው የሞተው። ኮሌጅ ጀምሬ ትቻለሁ። ፓርኪንግ ሠርቼ ትቻለሁ። ዴሊቨሪም እንደዚሁ። ያልተውኩት ግጥም ብቻ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ አንዳንድ እሑድ ደግሞ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሰው ጥብሱን እያላመጠ አነብለታለሁ። አንድ ቃል ካገኘሁ ሰንጥቄ ውስጡን ሳላይ አልለቅም እያልኩ የምፎክር ልጅ ነበርኩ። የራሴን ስም ግን አንድም ቀን ሰንጥቄው አላውቅም።

በዚያ ዓመት አንዲት የእናቴ ወዳጅ ሆም ኬር አስገባችኝ። አቅም ያጡ ሽማግሌዎችን ቤታቸው ሄዶ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒታቸውን መስጠት ነው ሥራው። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዘጠናን ያለፉ አንድ ሰው ጋ ላኩኝ። ኤጀንሲው በሁለተኛው ስማቸው እንድጠራቸው ነግሮኝ ነበር። በእኛ ደንብ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ነውና፣ ሰውየውን ከፊቴ አስቀምጬ አባታቸውን መጥራት አልሆንልህ አለኝ፤ “ሚስተር ዋልተር” አልኳቸው። ሳቁ። “ሚስተር” እና “ዋልተር” አብረው ሲጠሩ በዕድሜያቸው ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ እንዳትቀይረውም አሉኝ።

ኖርፎክ ተወለድኩ ሲሉኝ ደግሞ እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችው የባሕር ዳር ከተማ መስላኝ ዓሣው እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። የእሳቸው ኖርፎክ ውቅያኖስ ማዶ ነው፤ እንግሊዝ አገር፣ ገብስ የሚዘራበት፣ ላም የሚታለብበት ሜዳ። ገና ወጣት ሳሉ ወደ አሜሪካ መጥተው መሬት ሲለኩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ካሊፎርኒያ ናት።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚሠሩት አንድ ነገር ነው። የተወለዱበትን ገጠር የገበሬ ቤተሰቦች የዘር ሐረግ ይከታተላሉ። ማን ከማን ተወለደ፣ ማን እርሻ ወረሰ፣ ማን በልጅነቱ ሞተ። የመመገቢያ ክፍላቸው ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በትልልቅ ወረቀት ተሸፍኗል፤ ስም ከስም በመስመር ተያይዟል። የመኳንንቱን ዘር አይነኩም። እነሱ ጸሐፊ ነበራቸው ይላሉ፤ የእሳቸው ሥራ ላም አላቢውን፣ ጭሰኛውን፣ እረኛውን ነው። ዓይናቸው ስለደከመ የድሮውን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ የማነብላቸው እኔ ሆንኩ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለተኛውን ስም ሁሉ የአባት እያደረግኩ ስቆጥር፣ አንድን መንደር በሙሉ የአንድ ሰው ልጆች አድርጌባቸው ነበር። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ይህን የምነግራችሁ ነገር የጀመረው በመጋቢት አንድ ማለዳ ነው።

እንደ ልማዴ አነባለሁ። ቶማስ የሚባል የገበሬ ልጅ ክረምት ላይ ተቀበረ። ወረድ ብዬ፣ ያው ቶማስ ተጠመቀ። አባቱ ያው፣ እናቱ ያችው፣ እርሻው ያው። ጸሐፊው ተሳስቷል አልኳቸው፤ ልጁን ከቀበረው በኋላ ነው ያጠመቀው።

ሚስተር ዋልተር ሻያቸውን አስቀመጡ።

“አልተሳሳተም” አሉ። “ልማዳችን ነበር። ልጅ ሲሞት ስሙ ባዶውን እንዳይቀር ቀጥሎ ለሚወለደው ይሰጣል። ግድግዳው ላይ ቀዩን መስመር አየኸው? ሁሉም እንደዚያ ናቸው።”

ዞሬ አየሁ። ሳምንታት ሙሉ ስሠራበት የከረምኩት ክፍል ነው። ቀይ መስመሩን ለጌጥ ያሰመሩት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው በየቤተሰቡ ነው፤ ሁለት ማርያሞች፣ ሁለት ጆኖች፣ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዊሊያሞች። አንደኛው እንደወደቀ ሁለተኛው ስሙን አንስቶ ይቀጥላል።

“በእኔ ዘመን ልማዱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም” አሉ። “እናቴ ግን ግትር ነበረች። እኔ ሁለተኛው ዋልተር ነኝ።”

ከዚያ ነገሩኝ። እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መንገዱ ዳር ትንሽ የመቃብር ድንጋይ ነበረች፤ ማንበብ የተማሩ ቀን መጀመሪያ ያነበቡት የራሳቸውን ስም እዚያች ድንጋይ ላይ ነው። ጫማው ከፊተኛው የተረፈ ነው። በርጩማውም የእሱ። የወተት ማስቀመጫው ክፍል በር ላይ አባታቸው የፊተኛውን ልጅ ቁመት በቢላ ጭረት ምልክት ያደርጉበት ነበር፤ ጭረቶቹ አንድ ቦታ ሲደርሱ ያቆማሉ። እሳቸው ሲወለዱ እዚያው በር ላይ፣ ከእግር ጀምሮ እንደገና ይለኩ ጀመር። ከመጨረሻው ጭረት በላይ ያለፉ ዕለት አባታቸው ትከሻቸውን መታ አደረጓቸው። እናታቸው ግን ምንም ሳይናገሩ ክፍሉን ለቀው ወጡ።

“ለምን እንደወጣች አልነገረችኝም” አሉ። “ከዚያ አሮጊት ሆና ልትሞት ስትል ከዚህ በርሬ ሄድኩ። አልጋዋ አጠገብ ቆሜያለሁ። ዓይኗን ከፈተችና ‘ዋልተር፣ ግባ፣ ውጪው ብርድ ነው’ አለች። እኔ ግን ውስጥ ነበርኩ።”

እናታቸው የትኛቸውን እንደጠሩ ሚስተር ዋልተር እስከ ዛሬ አያውቁም። ግድግዳውን ሁሉ የሞሉት ለዚህ ነበር። በመቶ ቤተሰብ ውስጥ አንዲት እናት፣ አንድ ቦታ፣ ሁለተኛውን ልጇን በመጀመሪያው ስም ስትጠራ ማንን ታይ እንደነበር ተናግራ እንደሆነ ፈለጉ። አላገኙም። እነዚያ መዝገቦች ውስጥ እናቶች አይናገሩም።

ከዚያ የእኔን ስም አነሱ። የእናንተ ስሞች ትርጉም አላቸው ብለኸኝ ነበር፣ ያንተስ ምንድን ነው አሉኝ። በእሱ ፋንታ ማለት ነው፣ አልኳቸው።

“በማን ፋንታ?”

“በአያቴ። እኔ ስወለድ ሞተው ነበርና።”

ቤተሰቤ የነገረኝ ይህንን ነው፤ ምላሴ ላይ የኖረ መልስ ነው። ሽማግሌው ግን የጡረታ ዘመናቸውን ሁሉ የሰው ልደትና ሞት ሲያመሳክሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ደብዛዛ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

“ባለፈው ሳምንት ማፏጨት ያስተማረኝ አያቴ ነው ብለኸኝ አልነበር?”

ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ ከአያቴ ጋር አጥር ላይ ተቀምጠን እያፏጨን የመንገደኛ አህያ ስናስደነግጥ ትዝ ይለኛል። የእናቴ አባት ናቸው። የአባቴ አባት ይሆናሉ እንዳልል፣ እሳቸውም እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የሞቱት፤ ቀብራቸው ላይ ዳቦ ይዤ ቆሜያለሁ። ሁለቱም አያቶቼ ስወለድ በሕይወት ነበሩ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አንድ ላይ አድርጌው ግን አላውቅም።

“እንግዲያው የአያትህ ምትክ አይደለህም” አሉ ሚስተር ዋልተር። ድምፃቸው ውስጥ የማሸነፍ ነገር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ለመሞት የተቃረቡትን ቤታቸው የምትከታተለው የሆስፒስ ነርስ መጣች። መርምራቸው ስትጨርስ ኮሪደር ላይ ጠራችኝና የቀሩት ቀናት እንደሆኑ፣ ሳምንታት እንዳልሆኑ ነገረችኝ። ልጃቸው ተደውሎላታል፤ በማግስቱ ትደርሳለች። ስመለስ ነርሷ ምን እንዳለችኝ አልጠየቁኝም። አልጋቸው ወረቀቶቹ መካከል መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ነው የተዘረጋው፤ ከዚያ ክፍል አልወጣም ብለው ነበር። እጄን ያዙኝ።

“እኔ የማነብባቸው እናቶች ሁሉ ሞተዋል” አሉ። “ያንተ እናት አለች። ጠይቅልኝ። ስትጠራህ ማንን እንደምታይ ጠይቅልኝ። ሳልሰማ መሄድ አልፈልግም።”

የማታዋ አስታማሚ ስትመጣ ወጣሁ። እናቴ ኮሌጅ ፓርክ ያለ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ፣ ክፍል ማጽዳት ነው የምትሠራው፤ ሺፍቷን ስትጨርስ የምወስዳት እኔ ነኝ። ቀድሜ ደርሼ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰነጠቅኩት። ምትክ። ከዚያ ‘ኡ’። የእሱ ምትክ። ክፍሉ ቀላል ነው፤ ማንም ተማሪ ያውቀዋል። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ትንሽ ድምፅ እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ናት። ‘ኩ’ ስትጻፍ ከጎኗ ብቅ የምትል ጭረት አለቻት። ያን ጭረት ሃያ ሦስት ዓመት በእያንዳንዱ ፊርማዬ ውስጥ ስጽፈው ኖሬያለሁ። አንድ ሰው ስሜ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አብሮኝ ውቅያኖስ ተሻግሯል፤ እኔ አላየሁትም።

እናቴ መጣች፤ ጫማዋን መኪና ውስጥ እንደ ሁልጊዜው አወለቀች። ስለ አንዲት ሱፐርቫይዘር ማማረር ጀመረች፤ ሴትዮዋ ትራሱን በእጇ ለክታ “ሪዱ” ብላ አልጋውን እንደ አዲስ እንዳስነጠፈቻት። ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ወጥተን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንሄድ ጠየቅኳት።

“እማዬ፣ እኔ በማን ምትክ ነኝ?”

ማማረሯ ተቋረጠ። “በአያትህ ነዋ” ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

“ማን ጠየቀህ?” አለች።

የምጠብቃቸው ሽማግሌ እንደሆኑ ነገርኳት። ፈረንጅ ደግሞ የእኛ ሞት ምን አገባው አለች፤ ሞት የሚል ቃል ግን ከአፌ አልወጣም ነበር። ራሷም ሰማችው። ያን ጊዜ ስለ ሁለቱ ዋልተሮች ነገርኳት። ስለ ድንጋይዋ፣ ስለ በሩ፣ እናታቸው ሲሞቱ ስለተናገሩት። ወደ መስኮቱ ዞራ ነው የሰማችኝ። የጆርጂያ አቬኑ መውጫ ደረሰ፤ ፍሬቻ አሳየሁ።

“አትውጣ” አለችኝ። “ንዳ። ወደ እኔም አትይ።”

ነዳሁ። ቤታችን በስተቀኝ አለፈን።

“ይበልጣል ነው ስሙ” አለች።

ይቅር በሉኝና ግጥም የለመደ ጆሮ ነውረኛ ነው፤ እናቴ ያን ስም ለዘመናት ደብቃው ስታወጣው እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው። ይበልጣል። ምትኩ።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ኩፍኝ እንደወሰደው ነገረችኝ። በዓመቱ እኔ መጣሁ። ስሙን ያወጣው አባቴ ነው፤ ለልጁ እንዳትነግሪው፣ የሞተ ሰው አታሸክሚው ያላትም እሱ ነው። የአያቴን ወሬ የፈጠረውም እሱ። አባቴ ሲሞት ልትነግረኝ አስባ ነበር፤ ግን ስንት ዓመት ያልተጠራ ስም ከየት ይጀመራል አለችኝ።

“ስትጠሪኝ እሱን ታዪ ነበር?”

“አዎ” አለች።

ትንሽ ብታመነታ ምን ነበረበት። ፊት ለፊቴ ያለውን የጭነት መኪና መብራት ብቻ አየሁ።

“ልብሱን ነው ያለበስኩህ። አንቀልባውም የእሱ ነው። ሳጠባህ ዓይኔን እጨፍን ነበር፣ እሱ እንዲሆንልኝ። አንዳንዴ እግርህን ስይዝ ይወፍርብኛል፤ የእሱ ቀጭን ነበረች። ያን ጊዜ እናደድብህ ነበር። ምኑን አጠፋህ፣ ሕፃን ነህ። ግን እናደድ ነበር።”

“መቼ ተውሽው?”

የወንዙን ድልድይ ተሻግረን ቨርጂኒያ ገብተናል።

“ዕድሜውን ያለፍክ ቀን” አለች። “እሱ ያልደረሰበት ቀን ላይ ደረስክ። ጠዋት ዳቦ ይዘህ ቆመሃል፤ አየሁህ፣ አላውቅህም። እዚያ ዕድሜ ላይ እሱ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅማ። አንድ እንግዳ ሰው ቤቴ ገብቶ ዳቦ ይበላል። ወጥቼ ጓሮ ሄድኩና አለቀስኩ። ለእሱ ነው ያለቀስኩት፤ በቃ፣ አለቀ፣ ከዚህ ወዲያ እሱ የሚመስለኝ የለም ብዬ። ስመለስ በሩ ላይ ቆመህ ትጠብቀኛለህ። አንተን የወለድኩህ ያን ቀን ነው። በፊት የወለድኩት ሌላ ነው።”

ቤልትዌይ ክብ መንገድ ነው፤ ካልወጡበት ሁሉም ጋ ያዞራል። ወደ አሌክሳንድሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ የአናንዴልን ምልክት ሳይ ወዴት እየነዳሁ እንደነበር ገባኝ።

“ውሰደኝ” አለች።

“ቤት?”

“ሰውየው ጋ።”

ዛሬ አይሆንም፣ ደክሟቸዋል፣ ኤጀንሲው አይፈቅድም፣ መልሱን እኔው አደርሳለሁ አልኳት። ለቅሶ በአፖይንትመንት ነው እንዴ አለችኝ። የምን ለቅሶ ብላት እንደማያውቅ ልጅ ዞራ አየችኝ። አናንዴል አስወጣችኝና አንድ ሱቅ በር ላይ አስቆመችኝ። የምትመለሰው ብርቱካን ይዛ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ አንድ እሽግ የታሸገ ውሃ በጋሪ እየገፋች መጣች። እዚህ አገር ለቅሶ ቤት በባዶ እጅ አይኬድም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ወይ ውሃ ነው ወይ ፍራፍሬ። በማንኪያ ካልሆነ ውሃ መዋጥ የማይችሉ ሰው ቤት እሽግ ውሃ ተሸክሜ ገባሁ። የማታዋ አስታማሚ ውሃውን አየች፣ እናቴን አየች፣ መንገድ ለቀቀችልን።

ሚስተር ዋልተር ነቅተው ነበር። እናቴ በሆቴሉ ዩኒፎርም ላይ ጥቁር ሻርፗን አጣፍታ አልጋው ግርጌ ቆመች። ግድግዳውን ዙሪያውን አየችው፤ ያን ሁሉ ስም። ከዚያ ጎንበስ አለች።

“እግዜር ያጥናዎት” አለች። “ሳልሰማ ቀርቼ ነው።”

ተረጎምኩላቸው፤ እናቴ ናት፣ ኀዘንዎን ልትካፈል መጥታለች፣ ቀድማ ያልመጣችው ስላልሰማች ነው። ግራ ተጋብተው አዩኝ። እኔ ገና አልሞትኩም አሉ፤ ለቀልድ አቅም ነበራቸው። ለማን እንደሆነ እናቴን ጠየቅኳት።

“ለወንድማቸው ነዋ” አለች። “ለዋልተር።”

ያን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የሆነውን በጽሑፍ ላመጣው ሞክሬ አልቻልኩም። ሰው ሁሉ እናትህ አንተን በማግኘቷ ዕድለኛ ናት ይለኝ ነበር አሉ። ወንድም እንደሞተባቸው ግን ማንም፣ መቼም፣ ነግሯቸው አያውቅም። ለወንድማቸው ሞት ማጽናኛ ሆነው የተሰጡ ልጅ ናቸው፤ ማጽናኛን ማን ያጽናናል።

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በመኪናው ውስጥ የነገረችኝን ምንም ሳትቀንስ ነገረቻቸው፤ እኔ እየተከተልኩ ወደ እንግሊዝኛ አወጣሁት። ዓይኗን ጨፍና ማጥባቷን። እግሬን ስትይዝ መናደዷን። ይህን እንኳ ልለፈው ብዬ ሳለዝበው፣ ቃሏ መርዘሙን የእኔ ግን ማጠሩን አይታ ሁሉንም ንገር አለችኝ። የእርስዎም እናት ታላቅዎን ያዩበት ቀን ይኖራል፣ አይዋሹ አለቻቸው። ዕድሜውን ያለፍኩበት ቀን ላይ ስንደርስ ሚስተር ዋልተር እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ።

“በሩ” አሉ። “ወጥታ ስትሄድ።”

“አዎ” አለች እናቴ፣ ሳልተረጉምላት። “ያን ቀን ነው የወለዱዎት።”

መልሱ ይህ ነበር። የፈለጉትን አገኙ፣ እንሂድ ብዬ ልነሳ ስል ግን ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ዞሩና ለእኔ ያልነገሩኝን ተናገሩ። እናታቸው ሊሞቱ ሲሉ ሲጠሯቸው አልመለሱም። የትኛችንን እንደሆነ ልወቅ ብለው ዝም አሉ። ደግመው ጠሩ፣ ዋልተር አሉ፣ እሳቸው ዝም። ሌላ ምልክት ሲጠብቁ እናታቸው እየተጣሩ ሞቱ።

“ምን አሉ?” አለች እናቴ።

ነገርኳት። አልፈረደችባቸውም፤ ወንበሯን ብቻ ይበልጥ አስጠጋች።

“እናት ስትጠራ ማንን ነው አይባልም” አለችኝ። “አቤት ነው የሚባለው። ንገራቸው። አቤት ይበሉ።”

እናታቸው ከሞቱ ስንት ዘመን ሆነ እኮ እማዬ፣ አልኳት። ንገራቸው አልኩህ አለች። እንግሊዝኛውን ፈለግኩት። ‘የስ’ ቀጠነብኝ። ‘እዚህ ነኝ’ ብል የቤተ ክርስቲያን ንባብ መሰለብኝ። እኔ ቃል ሰንጣቂው አንዲት ቃል አሻግሬ ማድረስ አልቻልኩም፤ እንዳለች ሰጠኋቸው። እኛ አገር ሲጠሩን እንዲህ እንላለን፣ ማንም ቢጠራን፣ ለምን እንደጠራን ሳናውቅ አልኳቸው።

እናቴ በውጪ የሚጫወት ልጅ ማዕድ ሲቀርብ እንደሚጠራው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራቻቸው።

“ዋልተር!”

የማታዋ አስታማሚ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

“አቤት” አሉ። መጨረሻዋ ‘ት’ ላይ ምላሳቸው ትንሽ ደነቀፈ፤ ግን ቃሉ ደረሰ።

ስንወጣ እናቴን አንገቷን ስበው አንድ ነገር በጆሮዋ ነገሯት። እንግሊዝኛዋ ለሆቴል የሚበቃ እንጂ ለእንደዚያ ያለ ነገር አይበቃም። ምን አሉሽ ስላት አልሰማኋቸውም አለች፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ ቤታችን ድረስ አለቀሰች።

ልጃቸው በማግስቱ ደረሰች፤ ሚስተር ዋልተር ቅዳሜ አረፉ። የቤቱ ዕቃ ሲነሳ ሄጄ ነበር። ወረቀቶቹን ከግድግዳው እየነቀለች ስትጠቀልል ረዳኋት፤ የአገራቸው የታሪክ ማኅበር ይወስዳቸዋል አለች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አባቷ የመጨረሻዎቹን ቀናት አንድ ቃል ይደጋግሙ ነበር፤ ማንም ሳይጠራቸው። የልጅነታቸው የገጠር ቃል መስሏት የኖርፎክን አነጋገር የሚያውቁ ዘመዶች ጋ ደውላ ጠይቃ ነበር። ማንም አላወቀውም። አንተ ስትንከባከባቸው ሰምተኸው ታውቃለህ አለችኝና፣ እንደሰማችው አለችልኝ።

የትም የማይገኝ የእንግሊዝ ገበሬ ቃል ሆኖ ቢቀር ደስ ባለኝ። ግን ነገርኳት። አማርኛ ነው፣ ሲጠሩን የምንለው ነው አልኳት። ማን ነበር የሚጠራው ብላ ጠየቀችኝ፤ እሱን ለመመለስ አብረን ቁጭ አልን።

ይህን የምታነቡ፣ በመካከላችሁ ካሳ አለ፣ ተካ አለ፣ ማስረሻ አለ። የጓደኛችሁ ስም ነው፣ የባላችሁ ነው፣ የራሳችሁ ነው። ሂዱና እናታችሁን ጠይቁ አልልም። እኔ መጠየቄ መልካም ይሁን መጥፎ እስካሁን አልለየሁም። ከዚያ በፊት ብቻዬን እተኛ ነበር። አሁን ሳሎኑ ውስጥ ሶፋዬን ስዘረጋ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ በግድግዳው በኩል እንደተውኩ አንዳንዴ ጠዋት ላይ አየዋለሁ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስንት ቦታ ይፈልጋል። ደግሞ በእኔ ዕድሜ ልክ አብሮኝ ያደገ እየመሰለኝ አገዳው የረዘመ፣ ከእኔ የሚበልጥ ወንድ አድርጌ አስበዋለሁ፤ ስሙም እንደዚያ ነው። መድረክ ላይ ወጥቼ ስሜን ስናገር መጨረሻዋ ድምፅ ላይ ወደ ጎኔ ዞር እላለሁ። ሰው ፍርሃት ይመስለዋል።

ግጥሞቼ ተለውጠዋል ይሉኛል፤ ምን እንደተለወጠ አላውቅም። የማውቀው ይህንን ነው። እናቴ ከመኝታ ቤቷ ስትጠራኝ ድሮ “ምን?” እል ነበር፤ ኢርፎን አድርጌ የማልሰማበትም ጊዜ ብዙ ነው። አሁን ስትጠራኝ አቤት እላለሁ። አንዳንድ ቀን፣ ድምፅዋ ራቅ ካለ ቦታ የመጣ ሲመስለኝ፣ ትንሽ ቆይቼ እንደገና አቤት እላለሁ። ለምን ሁለቴ እንደምመልስ ጠይቃኝ አታውቅም።